ጋሼ ያስጀመራቸው ሰዎች፦ ከድሬዳዋ እስከ ዲክሲስ

ከአርሲ ከተመለስኩ ወር አልፎኛል። ሰፈር ውስጥ የሚያገኘኝ ሁሉ «እንዴት ነው አገሩ?» ይለኛል። «ብርድ ነው» ብዬ አልፋለሁ። ብርድ ብቻ አይደለም። ግን በአፌ ስጀምረው አንዱ ነገር በሌላው ላይ ይደራረብብኛል። ስለዚህ በየቀኑ ከፍዬ ልጽፈው ተቀመጥኩ። ጽሑፌ ቢደናቀፍ አትታዘቡኝ፤ አሥራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ወዲህ ከማመልከቻ በስተቀር ምንም ጽፌ አላውቅም።

ወንድሜን መኮንንን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ለማታውቁት፣ በአርሲ ጤና ረዳት ነበር። የሳንባ ነቀርሳ የያዛቸውን ሰዎች በየገጠሩ እየዞረ ያክም ነበር። እኔ ጋሼ ነው የምለው። ባለፈው ዓመት በክረምት ተስቦ ያዘውና አሰላ ላይ ሞተ። ዝናቡ መንገዱን ስለዘጋው አስከሬኑን ማምጣት አልቻልንም፤ እዚያው ተቀበረ። ሙት ዓመቱም ክረምት ላይ ዋለ። መንገዱ እስኪደርቅ ጠብቀን በኅዳር እናቴ እኔን ላከችኝ፤ መቃብሩን እንዳይና ልብሱን እንዳመጣ። ከቤት ስወጣ ግን በር ላይ ያዘችኝና አንድ ነገር ጨመረች።

«ያከማቸውን ሰዎች ድነው እንደሆነ ጠይቅልኝ። ልጄ እዚያ ብርድ ውስጥ የቀረው ለከንቱ አለመሆኑን ልወቅ» አለችኝ።

የመጀመሪያው ቀን

ቀኑን ሙሉ በባቡር ሄድኩ። መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩና ወዲያው ቅር አለኝ። ልጅ ሆኜ ከጋሼ ጋር ስንሄድ መስኮቱን ሁልጊዜ ለኔ ይለቅልኝ ነበር፤ «እኔ አይቼዋለሁ፣ አልተለወጠም» ይለኝ ነበር። ዘንድሮ ማንም ሳይለቅልኝ መስኮቱ የኔ ሆነ።

አዋሽ ላይ ፈታሾች ገቡ። ከድሬዳዋ የሚመጣ ሰው ሁሉ ኮንትሮባንድ የያዘ ይመስላቸዋል። አንዱ የይለፍ ወረቀቴን አየና እናቴ የሰጠችኝን ጆንያ በብረት ወጋው። ብርቱካን ነበር። ጭማቂው በሱሪዬ ላይ ወረደ። ፈታሹ ደነገጠ፤ «ይቅርታ ወንድም፣ ጨርቅ መስሎኝ ነው» አለና የተወጉትን መርጦ አንዱን ራሱ በላ። «ጣፋጭ ነው» አለኝ። ናዝሬት ስደርስ መሽቶ ነበር። አውቶቡስ ተራው አጠገብ ባለ ቡና ቤት አልጋ ያዝኩ። ናዝሬት ገና የኛ አገር ይመስላል፤ ሙቀቱም አቧራውም ጋሪውም አለ። እንግዳነት አልተሰማኝም።

ሁለተኛው ቀን

ከናዝሬት ወደ አሰላ መንገዱ ዳገት ነው። ዴራን ስናልፍ ነፋሱ ተለወጠ። ኢተያ ስንደርስ ስንዴው መንገዱን ግራና ቀኝ ያዘ፤ ገሚሱ ታጭዷል፣ ገሚሱ ቆሟል። በኛ በኩል እንደዚህ ዓይን እስኪደክም ድረስ ቢጫ የሆነ መሬት የለም። እኛ ጋ አረንጓዴ የምናየው ወንዙ ዳር ብቻ ነው።

የአውቶቡሱ ረዳት በአንድ ሸሚዝ ተኮራምቼ ሲያየኝ ሳቀብኝ።

«የድሬ ልጅ ነህ?»

«በምን አወቅህ?»

«ጃኬት የሚባል ነገር እንዳለ አልሰማህማ!»

አሰላ ጋሼ የተከራየበት ቤት ባለቤት እትዬ ብዙነሽ ይባላሉ። አያታቸው ድሮ ከመንዝ የመጡ ናቸው። በሩን ከፍተው ሲያዩኝ አልጮሁም። ቆመው ፊቴን ብቻ ተመለከቱ፤ ከዚያ እንባቸው ወረደ። ከዚያ ተቆጡ።

«በሸሚዝ! እሱንም የቀበርነው እንደዚህ እየሆነ ነው! ሰው የሚመክረው የለም እንዴ እናንተ አገር?»

ተስቦን ብርድ እንደማያመጣው ጋሼ ሳይነግራቸው አይቀርም። እኔ ግን አልተከራከርኳቸውም። ክፍሉን ለሌላ ሰው አላከራዩትም ነበር። አልጋው ተነጥፏል። የጋሼን ካፖርት አወጡና «ልበስ» አሉኝ። እጀታው ረዘመብኝ። ድሬዳዋ በዚህ ወር ግቢ ውስጥ ሰሌን አንጥፈን እንተኛለን፤ እዚህ ሁለት ብርድ ልብስና ጋቢ ደርበውልኝ ጠዋት ላይ እግሬ አልተሰማኝም።

መቃብሩን በዚያው በደረስኩበት ቀን አሳዩኝ። ስለሱ ብዙ መጻፍ አልችልም። ሣር በቅሎበታል። እኛ አገር ቢሆን ደረቅ ጠጠር ይሆን ነበር። ሣሩ ደስ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤት ገባሁ። ከጎኔ የተቀመጠው የእህል ነጋዴ ከዲክሲስ እንደመጣ ነገረኝና ጨዋታ ያዝን። ወሬው ወደ በሽታ ሲዞር እንዲህ አለኝ፦

«ያ የሞተው ጤና ረዳት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መርፌውን መሬት ይወጋ ነበር አሉ። ዓመት ሙሉ የታከመች ሴት አክታዋ ሲመረመር በሽታው ቁጭ ብሎ ተገኘ። ታዲያ መርፌው የት ሄደ?»

ማንነቴን አልነገርኩትም። ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

በቀጥታ የሄድኩት የጋሼ የሥራ ጓደኛ ወደነበረው ወደ ጋሽ ደበላ ነው። እሱም ጤና ረዳት ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዓይኑ የሚስቅ ሰው። እርስዎ ስለው «ተው፣ የወንድምህ ጓደኛ ነኝ፤ አንተ በለኝ» አለኝ። የሰማሁትን ነገርኩት። አልካደም።

«ሴትዮዋ እውነት ናት። አደ ከድጃ ትባላለች፣ ከዲክሲስ ወዲያ ነው ቤቷ። መኮንን ነው ያስጀመራት። ዓመቷ ሲያልቅ አክታዋ ላይ ጀርም ተገኘ። መርፌውን ግን ወግቷል፤ እኔ አምነዋለሁ።»

«ማመን አይበቃማ!»

«አይበቃም። ለዚህ ነው ነገ እንደገና አክታ ልቀበላት የምሄደው። ሣጥን የሚይዝልኝ ሰው ባገኝ አልጠላም።»

ሦስተኛው ቀን

በጋሽ ደበላ መሥሪያ ቤት ላንድሮቨር ከኢተያ ወደ ዲክሲስ ስንታጠፍ ጎማው ፈነዳ። ትርፉ ጎማም የተነፈሰ ነበር። ሾፌሩ ጎማውን በሚያልፍ ጭነት መኪና ላይ አስጭኖ ጎሚስታ ፍለጋ ሄደ፤ እኔና ጋሽ ደበላ መንገድ ዳር ቀረን። የሚያጭዱ ሰዎች አዩንና አንዲት ልጅ እርጎና የገብስ ቂጣ ይዛ መጣች። ማን እንደሆንን አልጠየቀችም። እኛ አገር መኪና የተበላሸበት ሰው መጀመሪያ ምክር ነው የሚያገኘው።

እዚያ ቁጭ ብለን ሥራቸውን አስረዳኝ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሕክምና የጀመሩትን ሰዎች አንድ ላይ ይይዟቸዋል፤ አንደኛ ክፍል አብረው እንደገቡ ተማሪዎች ማለት ነው። መርፌው ሁለት ወር፣ ክኒኑ ዓመት እስኪሞላ። ከዚያ ስለ እያንዳንዱ ይጠየቃል፤ ዳነ? ሞተ? አቋረጠ? ወይስ የት እንደገባ አይታወቅም? ያን ከፊተኛው ዓመት ጋር ያስተያዩታል።

«ዛሬ ስንት ሰው ታከመ ቢሉህ ምንም አያሳይም» አለኝ። «የጀመረው ሰው መጨረሻው ምን ሆነ? እሱ ነው ነገሩ። አገሪቱ በሽታውን እየቻለችው ይሁን እየቻላት የሚታወቀው ከዓመት ዓመት ስታየው ነው።»

«ጋሼ ያስጀመራቸውስ?»

«የመጨረሻው ዓመት ሰዎቹ መዝገባቸው ገና አልተዘጋም። የሞቱ አሉ። ብዙዎቹ ድነዋል። የጠፉም አሉ፤ ግን ሰው በመንደር ምሥረታ ቤቱን አፍርሶ ሲሄድ ጠፋ ነው የሚባለው?»

ከነዚህ ከጠፉት አንዱን በዚያው ቀን አገኘነው። ዲክሲስ ልንገባ ስንል በአዲሱ መንደር ቆርቆሮና ሣር ክዳን ቤቶች ተደርድረው ቆመዋል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ በገመድ የተለካ ይመስላል። አውድማው ላይ በሬ የሚነዳ አንድ ጎልማሳ ጋሽ ደበላን አይቶ ጅራፉን ጣለ።

«ደበላ! ፈልጌህ ነበር!»

«እኔ ነኝ የፈለግሁህ! ሞተሃል ብለን ልንተውህ ነበር።»

«ክኒኑን ጨርሻለሁ። ቤቴን ነው ያዛወሩት እንጂ እኔማ አለሁ» አለና ደረቱን በጡጫ መታው። ድምፁ እንደ ከበሮ ነበር።

በዲክሲስ ክሊኒክ ወለል ላይ ተኛን።

አራተኛው ቀን

ወደ አደ ከድጃ ቤት መኪና አይሄድም፤ ፈረስ ተሰጠን። እኔ ፈረስ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ጋሪ ላይ ነው የምቀመጠው፣ ያውም ከኋላ። አንድ ወንዝ ስንሻገር ፈረሱ ውኃ ሊጠጣ አንገቱን ዝቅ ሲያደርግ እኔ በአንገቱ ላይ አልፌ ወንዙ ውስጥ ወደቅሁ። የአክታው ሣጥን እግዚአብሔር ይመስገን ባዶ ነበር። ጋሽ ደበላ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ወንድምህም የመጀመሪያ ጊዜ እዚሁ ወንዝ ነው የወደቀው» አለኝ። እውነት ይሁን ለማጽናናት ይበለው አላውቅም። ከዚያ በኋላ ግን ውኃውን ዞር ዞር እያልኩ አየሁት።

አደ ከድጃ፣ አደ እዚያ አገር እትዬ እንደማለት ነው፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። ስንደርስ እንስራ አዝለው ከውኃ ሲመለሱ አገኘናቸው፤ ዳገቱን ሲወጡ እኔ ነበርኩ የማለከልከው። ባላቸው ኦቦ ሁሴን ሁለት ሚስት አላቸው። ሁለተኛዋ ሐዋ ወጣት ናት፣ ሕፃን ታቅፋለች፤ ቤቷ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ሁለቱ ሴቶች እንደ እናትና ልጅ ናቸው።

ጋሽ ደበላ የመኮንን ወንድም መሆኔን ሲነግራቸው አደ ከድጃ እንስራውን አወረዱና እጄን ያዙ። ለረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም። እርጥብ ልብሴን አስወልቀው የባላቸውን ኩታ አለበሱኝ። ከዚያ ጩኮ መጣ፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ ነው፣ አንድ ጭብጥ ለቀን ሙሉ ይበቃል። «ዶክተሬ ይወደው ነበር» አሉ። ጋሼ ዶክተር አልነበረም፤ እዚያ አገር ግን መርፌ የያዘ ሁሉ ዶክተር ነው። ኦሮምኛ ሞከርኩ። የድሬዳዋው ኦሮምኛ እዚያ ሌላ ዜማ ስላለው ሐዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። ስትስቅ ሳል ያዛትና ወደ ቤቷ ሄደች።

ስለ መርፌው ልጠይቃቸው ፈለግሁ። እንጀራቸውን እየበላሁ «ወንድሜ አታሏችኋል ወይ?» እንዴት ይባላል? ጩኮዬን ጎረስኩ።

አምስተኛው ቀን

ጠዋት ጋሽ ደበላ ክዳን ያላትን ትንሽ ብልቃጥ ሰጣቸው። «ምራቅ አይደለም፣ ከደረት የሚወጣውን» አላቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው አጎነበሱ። እሱ ፈረሶቹን ለማየት ሄደ። እኔ ከውድቀቱ ዳሌዬን ስላመመኝ ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ተደግፌ ተቀመጥኩ።

አደ ከድጃ አጥሩ ጥግ ሄደው ለመሳል ሞከሩ። ደረቅ ነው። እንደገና ሳሉ። ብልቃጡን አዘንብለው አዩ፤ ምንም የለም። ትንሽ አሰቡና ጎንበስ ብለው ወደ ሐዋ ቤት ገቡ። ከዚያ ቤት ከባድ ሳል ተሰማ፤ ከታች የሚመጣ፣ የወጣት ሳል። አደ ከድጃ ብልቃጡን ከድነው ወጡና ለጋሽ ደበላ በሁለት እጃቸው ሰጡት።

መናገር ከበደኝ። ቤታቸው አድሬ፣ ልብሳቸውን ለብሼ በባለቤቲቱ ላይ መመስከር። ግን የጋሼ ስም በዚያች ብልቃጥ ውስጥ ነበር።

«ጋሽ ደበላ፣ አክታው የሳቸው አይደለም» አልኩት።

ብልቃጧን አየ፣ እኔን አየ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«አደ ከድጃ፣ ይሄ ከማን ደረት ነው የወጣው?»

«ከሐዋ» አሉ፣ ምንም ሳያፍሩ። «የኔ ደረት ከደረቀ ቆየ። አንተ ግን ይሄን ሁሉ መንገድ መጥተህ ትጠይቀኛለህ። እንግዳ የጠየቀውን የለኝም ብሎ መሸኘት የኛ ወግ አይደለም። ጨው ሲያልቅብኝ ከሐዋ እበደራለሁ። እሳትም እበደራለሁ። ይሄንንም ተበደርኩ።»

«የባለፈውስ?»

«የባለፈውም።» ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «የባለፈውማ ለወንድምህ ብዬ ነው። እሱ ሞቷል ተባለ፤ የማላውቀው ሰው መጥቶ አክታ አምጪ አለኝ። ባዶውን ብመልስለት፣ ወንድምህ ያከማት ሴት ትእዛዝ አታውቅም፣ በደንብ አላስተማራትም ይሉታል ብዬ ፈራሁ። የሞተ ሰው ለራሱ አይከራከርም። ሞልቼ ሰጠሁለት።»

ጋሽ ደበላ ሊስቅ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። አልሳቀም።

«አደ ከድጃ፣ ሰውየው የታማው እኮ እርስዎ በሞሉት ብልቃጥ ነው።»

አስረዳቸው። እሳቸውም እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡ። «እኔ ነኝ?» አሉ። «እኔ ነኝ ዶክተሬን ያሰደብኩት?» እጃቸውን ያዝኩ። አሁን መጠየቅ ቻልኩ።

«መርፌውን ወግቶዎታል?»

«ሁለቱን ወር ዲክሲስ እያደረ፣ በየቀኑ በፈረስ እየመጣ! በዝናብም። እኔ መርፌ እፈራለሁ። ወግቶ ሲጨርስ እኔ እንዳላለቅስ እሱ ነበር እንደ ሕፃን የሚያለቅሰው፣ እያስመሰለ፣ ኡኡ እያለ። ጎረቤት ሁሉ የተወጋው እሱ ይመስለው ነበር።»

ይሄን ነገር ማንም ፈጥሮ ሊያወራው አይችልም። እኔ ልጅ ሆኜ ጉልበቴ ሲቆስል አልኮል ያደርግልኝና እሱ ነበር የሚጮኸው። እናቴ ከጓዳ እየሮጠች ስትመጣ ሁለታችንም ስንስቅ ታገኘናለች። ይሄን ለማንም አውርቼ አላውቅም ነበር።

ጋሽ ደበላ ግን ተነስቶ ነበር። «ሐዋን ጥሩልኝ» አለ።

ሐዋ ሕፃኗን ይዛ መጣች። ከመቼ ጀምሮ እንደምትስል ጠየቃት። ልጁ ሳይወለድ በፊት ነው አለች። ሌሊት ያልባታል። ለምን አልተናገረችም? «ሳል ነው ብዬ። ሰው ሁሉ ይስላል።» ያን ጊዜ ገባኝ። ያ አሰላ ላይ በማይክሮስኮፕ የታየው በሽታ እውነት ነበር፤ ግን የሐዋ ነበር። ይኸው ዓመት ሊሞላ ነው፣ እሷን ግን ማንም አልፈለጋትም።

ኦቦ ሁሴን ወደ አሰላ ትሂድ ሲባሉ አልወደዱትም።

«አጨዳ ላይ ነን። ሕፃን አላት። ማን ይወስዳታል?»

«እኔ ነኛ!» አሉ አደ ከድጃ። «ድኛለሁ አይደል? የዳነ ሰው ምን ያደርጋል ታዲያ?»

«ሁለታችሁም ሄዳችሁ እኔ ምን ልበላ?»

«ጩኮ ሞልቷል። እጅህ ደግሞ አልታመመም።»

ኦቦ ሁሴን ጋሽ ደበላን አዩ፣ ከጋሽ ደበላ እርዳታ አልመጣም። ትንሽ አጉረመረሙና ሄደው ፈረሱን ራሳቸው ጫኑላት። ወንዙ ጋ ስደርስ ወርጄ በእግሬ ተሻገርኩ።

ስድስተኛው ቀን

አሰላ ስንደርስ እትዬ ብዙነሽ ሁለቱን ሴቶች ከነሕፃኑ በጋሼ ክፍል አሳደሯቸው። እኔ ሳሎን ተኛሁ። የጦም ቀን ስለነበረ ለራሳቸው ሽሮ ሠርተው ለእንግዶቹ ግን ወተት ከጎረቤት አስመጡ። አደ ከድጃ ያን ክፍል ዞረው ሲያዩ አልጋውን በእጃቸው ዳሰሱት፤ «ጠባብ ነው» ብቻ አሉ።

ምርመራው በዚያው ቀን ታወቀ። ሐዋ በሽታው ተገኘባት። ከአደ ከድጃ ደረት ጋሽ ደበላ አብሯቸው ቆሞ ያወጡት ጠብታ ደግሞ ንጹሕ ነበር። ሐዋ የመጀመሪያ መርፌዋን ስትወጋ አደ ከድጃ አጠገቧ ቆመው፣ እንደ ጋሼ፣ ኡኡ አሉላት። የተሰለፈው በሽተኛ ሁሉ ዞሮ አያቸው። ሐዋ እየሳቀች ተወጋች።

ከዚያ ጋሽ ደበላን ጠየቅሁት። «ታዲያ የጋሼ ሰዎች ዳኑ?»

«ሁሉም አይደሉም» አለ። «የሞቱትን አንመልሳቸውም። አንዱን ገና አላገኘሁትም፣ ሲሬ በኩል ነው ይላሉ፤ እሄዳለሁ። ከድጃ ግን ድናለች። ዓመቱ ከፊተኛው ይሻላል። የፊተኛውም ከዚያ በፊት ከነበረው ይሻል ነበር። ሐዋ የመኮንን አይደለችም፤ የዘንድሮ ናት። ስለሷ የሚጠይቁት እኔን ነው።»

ሻይ ቤት ሄጄ ያን የእህል ነጋዴ ፈለግሁት። ወደ አገሩ ተመልሷል። ስለዚህ ለባለ ሻይ ቤቱ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኩት። ሲመጣ እነግረዋለሁ ብሎኛል።

ሰባተኛው ቀን

አውቶቡስ ተራ ሊሸኙኝ ሁሉም መጡ። እትዬ ብዙነሽ የጋሼን ልብስ በአንሶላ ቋጥረው፣ ለእናቴ ቅቤ ጨምረው ሰጡኝ። አደ ከድጃ ጩኮ ሰጡኝ። ጋሽ ደበላ ለሐዋ ምክሩን እየደጋገመ ነበር፤ ክኒኑን አንድ ቀን እንዳትዘልል፣ ሕፃኑን እንድታስመረምር።

«ዓመትሽ ሲሞላ ደግሞ መጥቼ አክታ እጠይቅሻለሁ» አላት።

ሐዋ ወደ አደ ከድጃ ዞር ብላ አየቻቸው።

«እኔን አታይኝ!» አሉ አደ ከድጃ። «የኔ አልቋል። ሌላ ጣውንት ፈልጊ!»

አውቶቡሱ ሲነሳ እየሳቅሁ ነበር። ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ራቅ አለ። ለእናቴ እንዴት አድርጌ እንደምነግራት በልቤ አዘጋጀሁ፤ የሴትዮዋን አነጋገር፣ የብልቃጧን ነገር፣ መርፌውንና ኡኡታውን። ድናለች እላታለሁ። ብዙዎቹ ድነዋል፣ የሞቱም አሉ፣ አልዋሽሽም እላታለሁ። ጋሼ ራሱ ቢሰማው እንዴት እንደሚስቅ አሰብኩ። ትከሻው ነው የሚስቀው፣ ድምፅ የለውም።

እስከ ኢተያ ድረስ ሳቅሁ። ከኢተያ እስከ ናዝሬት ያለው መንገድ ሲወርዱት ምን እንደሚመስል ግን ልጽፍላችሁ አልችልም፤ ፊቴን በጋሼ ካፖርት እጀታ እየጠረግሁ ስለነበር አላየሁትም።